የደገኛው ትከሻ

ስለ ጣሊያን ዘመን የሚያወራ የኔ እድሜ ሰው ሁሉ አርበኛ ነበር። ታዲያ መንገዱን ማን ጠረገው፣ ለምሽጉስ ውሃ ማን ቀዳ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ብርጭቆው ያያል። እኔ ድንጋይ ፈልጫለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የአንድ ሰው ትከሻ ሰብሬአለሁ፤ የምጽፈው ስለ ትከሻው ነው።

ከመተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር እንኖር ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሰሊጡ ሊደርስ ሲል ከጣሊያኑ ምሽግ ትእዛዝ መጣ፤ መንደሩ ለመንገድ ሥራ አንድ ሰው ያምጣ። ባለፈው በጋ ከኛ መንደር ከሄዱት አንዱን ወባ ገድሎታል፣ ሌላው የት እንደገባ አይታወቅም። ጭቃ ሹሙ፣ የእናቴ አጎት የሆኑ ሽማግሌ፣ ባለትዳሩን ሁሉ እያስቀሩ ሄደው ሁለት ሰው ላይ ቆሙ፤ ወንደላጤው እኔና ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ አንድ ደገኛ። ደገኛው ሚስትና ልጅ አለኝ ብሎ ነበር። ደጋ ያለ ቤተሰብ ግን ቆላ ላይ አልተቆጠረለትም።

ዕጣ ይጣል ያሉ ነበሩ። ሽማግሌው እንቢ አሉ።

"ይታገሉ፤ የተሸነፈው ይሄዳል። ጉልበታሙ እዚህ አጨዳ ላይ ያስፈልገኛል።"

ጣሊያንን የተቃወሙት ደካማውን ሰው በመስጠት ነው። ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ሜዳሊያ አያጡበትም።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አውድማው ላይ ከበበን፤ ዳኛው ሽማግሌው ነበሩ። ደገኛው በቁመት ያንሰኛል፤ አንገቱ ግን የወይፈን ነው።

"አንተ ቆለኛ፣ ወባው መጥጦ ጨርሶሃል። ቀስ አድርጌ ነው የማስተኛህ" አለኝ።

"አንተ የለመድኸው ብርድ ነው። ላቡ ሲመጣ እንተያያለን" አልሁት።

"ቶሎ በሉ፣ ስንቅ የምንቋጥረው ለማንኛችሁ እንደሆነ እንወቅ" አለች አንዲት ሴት፤ ሰዉ ሳቀ።

ገና ከመያያዛችን ዞረና ከኋላዬ ገባ። ሁለት እጁን ሆዴ ላይ ቆልፎ ደረቱን ከጀርባዬ አጣበቀ። በኛ አገር ጀርባውን ያስያዘ ታጋይ አለቀለት ማለት ነው፤ ተመልካቹም ነጠላውን እያራገፈ ሊበተን ነበር። እኔ ግን ከገላባት ማዶ ግመል ጭኖ ይመጣ ከነበረ ሱዳናዊ ነጋዴ የተማርሁት ነገር ነበረኝ። "ከኋላ የያዘህ ሰው እኮ እጁን አምጥቶ ሰጥቶሃል፤ ተቀበለው" ይለኝ ነበር።

ተቀበልሁት። የቀኝ እጁን አንጓ በግራ እጄ ጨበጥሁ። ቀኝ ክንዴን ከክንዱ በላይ አሳልፌ፣ በክርኑ ስር አውጥቼ የራሴን አንጓ ያዝሁ፤ ክንዱ በሁለቱ ክንዶቼ መካከል ተቀረቀረ። ወገቤን ጠምዝዤ ወደ እሱ ስዞር ቆልፎ የነበረው እጁ ተላቀቀ። በጉልበቱ አንበረከክሁት፣ ከዚያ በሆዱ አስተኛሁትና እጁን በጀርባው በኩል ወደ ማጅራቱ ገፋሁ።

በኛ ዘንድ የተሸነፈ ሰው በነጻ እጁ መሬት ይመታል። ዳኛው አይገባም፤ ሳይመታ ቢገላግሉት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ደገኛው አልመታም። ጉንጩ አፈር ላይ ሆኖ ዓይኑን ወደ ሽማግሌው ላከ።

"ምታ እንጂ" አልሁት።

"አባቴ፣ አንቱ አያዩም?" አለ ወደሳቸው።

ሽማግሌው የኔን አያያዝ የከሰሰ መሰላቸው። "አያለሁ፤ የተጣሰ ደንብ የለም" አሉት።

ትከሻው ወጣ። ድምፁን ከብበው የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

ወጌሻው አጥንቱን መልሶ ክንዱን ከደረቱ ጋር ካሰረው በኋላ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"ለምን አልመታህም?"

"በኛ አገር ታጋይ እጅ አይሰጥም። እንዳለቀለት ሽማግሌው አይቶ ነጠላውን መሀል ይጥልና ይገላግለዋል። እሱን ስጠብቅ ነው።"

"ቀድመህ አትነግረንም ነበር?"

"መች ጠየቃችሁኝ?"

በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹ መጡ። አንድ እጁ የታሰረውን ሰው አይተው ሳቁና እኔን ወሰዱኝ። ሽማግሌው "ጉልበታሙን ወሰዱብኝ" ብለው እውነተኛ ሐዘን አዘኑ።

ሁለት በጋ ድንጋይ ፈለጥሁ። ስመለስ ደገኛው የለም። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ በግራ እጁ ሊያጭድ እየታገለ ሳለ ፍሬው ረግፎበት ባዶውን ወደ አገሩ ወጣ አሉኝ። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሳም አሉ። ሞፈር እንዴት ሊይዝ ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

ይህን ታሪክ ብዙ ዓመት ለማሳቂያ አወራሁት። የተሸነፈው ቀረ፣ ያሸነፈው ተነዳ። አልፎ አልፎ ብልጥ የሆነ አድማጭ "አውቆ ነው እንጂ፤ ላለመሄድ ሲል ትከሻውን ሰጠህ" ይለኛል። ሰው ሁሉ ባለው ነገር ላይ መከራከር የማልተው ሰው ነኝ፤ ይህን ግን ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ። እንዲያ ከሆነ የተታለልሁት እኔ ነኛ።

እንዲያ አይደለም። የሁለት አገር ደንብ ተጋጨ የሚለውም የሽምግልና ቋንቋ ነው፤ ሁሉንም ነጻ ያወጣል። ክንድ መጨረሻው ጋ ሲደርስ የያዘው ሰው በመዳፉ ያውቀዋል። እኔም አውቄአለሁ። ዓይኑ ወደ ሽማግሌው ሲሄድ አይቻለሁ፤ ምን እየለመነ እንደነበርም ገብቶኛል። ብለቀው ተመልሶ ከኋላዬ ይገባል ብዬ ፈራሁ። መንገዱንም ፈራሁ። ትንሽ ጨመርሁ።