የሐያት ሲዲና የጋሽ አስራት ሕግ

ሲዲ ማሽን ውስጥ ገብቶ ኪርር… ሲል በሰማሁ ቁጥር መካነ ሰላም ያለው ቤታችንና የታላቅ እህቴ የሐያት ሳቅ አብረው ይመጡብኛል፤ ወዲያው ደግሞ ጋሽ አስራት የሚባለው የደንብ አስከባሪዎች አለቃ ከነቦርጩ ድቅን ይልብኝና ደሜ ይፈላል።

ሐያት እግሯ ስለማይታዘዝላት ክረምት ገብቶ ጭቃው ሲብስ ከቤት አትወጣም ነበር። አጎታችን ከጅዳ ሲመለስ የጌም ማሽንና አንድ የኳስ ጨዋታ ሲዲ ገዝቶ አመጣላት። ያቺ ደጅ መውጣት ያቃታት ልጅ ጆይስቲክ ስትጨብጥ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ አሸንፋ፣ አብሽሩ እያለች እየሳቀች ትሸኛቸው ነበር።

አባባ ቁርኣንና ኪታብ የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ። በእሳቸው ዘንድ ደረሳ፣ ማለትም ተማሪያቸው፣ ኪታብ ሲያገኝ መጀመሪያ በእጁ ጽፎ ይገለብጠዋል፤ ዋናው በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ይገባል፣ የሚቀራው በግልባጩ ነው። ሲዲው መጫጫር ሲጀምርም «ምን ትጠብቃላችሁ? ገልብጡትና ዋናውን አስቀምጡት» አሉን። ማሽኑ ግልባጭ አልቀበልም ስላለ ደሴ ተልኮ፣ ተከፍቶ፣ ትንሽ ቺፕ ተበይዳበት እሺ ብሎ መጣ።

መስከረም ላይ ጋሽ አስራት ወሬው ደርሶት በራችንን ደበደበ። «ማሽን መነካካት፣ ሲዲ ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው። ኤግዚቢት ነው!» ብሎ ማሽኑን ከነግልባጩ ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ብብቱ ስር ሸጎጠው። ሕግ አንብቦ እንኳ አይመስለኝም፤ የሚያነበው ቢኖር የቢራ ጠርሙስ ላይ ያለውን ነበር። ሐያት አላለቀሰችም፤ ቀስ በቀስ ግን ምግቡን ተወችው።

በጋው ገብቶ መንገዱ ሲደርቅ አባባ የሰፈራችንን ቄስ ለሽምግልና ይዘው ሰውዬው ቤት ሄዱ፤ ሐያትም ምርኩዟን ይዛ፣ እኔ ደግፌያት ተከተልን። «አስራት ልጄ፣ ሰርቀን አልሸጥን፤ የገዛነውን ነው የገለበጥነው። ዋናው ይኸው» ብለው አባባ ሲዲውን ከጨርቁ ፈትተው አሳዩት።

«ሼህ፣ አይቀየሙኝ፣ እኔ በሕግ ቀልድ አላውቅም» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ።

አፉን ሳይገጥም ከጓዳ «ጎ…ል!» የሚል ጩኸት ቤቱን አናጋው። ልጆቹ ናቸው! ኤግዚቢቱን ሰክተው የእኛኑ ግልባጭ ይጫወታሉ። ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ አባባ ግን ሳይስቁ «ሕጉ ከጓዳ እየጠራህ ነው፣ ግባ» አሉት። ሐያት ማሽኗን ጭኗ ላይ አድርጋ በባጃጅ ተመለሰች፤ የዚያን ቀን እራቷን በላች።

ዛሬ የጋሽ አስራት ቢጤዎች ተሻሽለዋል። ለልጄ በስልክ ከፍዬ የገዛሁላት ጌም አንድ ጠዋት ድራሹ ጠፋ፤ «ፈቃድዎ ተቋርጧል» ይላል የሻጩ ኩባንያ መልእክት። እንዳልገለብጠው ተቆልፎ ነበር፤ ቁልፉን ብነካካ ደግሞ ሌባዋ እኔ ነኝ አሉ። ድንቄም ሕግ! የሐያት ሲዲ ግን ዛሬም ጨርቁን እንደለበሰ ሳጥኑ ውስጥ አለ፤ መካነ ሰላም በሄድኩ ቁጥር አውጥተን እንጫወትበታለን፣ ሁሌም እሸነፋለሁ። ያ ቦርጫም እንኳ ሊወስድብን ሲመጣ በራችንን ማንኳኳት ነበረበት።