ውሃ የተከለከለችው ባቄላ

መምህርት ጽጌሬዳ ከደብረ ብርሃን ወደ ሀዋሳ የመጣችው ደርግ በወደቀ ማግስት ነው። ለአምስተኛ ክፍል ሳይንስ ስታስተምር ጸጉሯ ሸበተ። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበራትም፤ የሐይቁን ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ፣ የዓሣ አጥንት በፌስታል ይዛ ክፍል ትገባለች። ከዚያ ሌላ ነገር አላማራትም። ሹመት ሲሰጧት እንኳ «ሳይንሴን ተዉልኝ» ብላ መለሰች።

ርዕሰ መምህሩ ሸዋንግዛው ትናንት የስፖርት መምህር ነበር። ሥልጠና ሄዶ ሦስት ቃል ተሸክሞ ተመለሰ፦ አደረጃጀት፣ ንቅናቄ፣ አፈጻጸም። ምሳ ሲያዝም ከእነዚሁ የሚወጣ አይመስለኝም።

ሕፃናቱ ሳይቀሩ አንድ ለአምስት በተጠረነፉበት ዓመት፣ ጽጌሬዳ ለየቡድኑ ሁለት ሁለት የድልህ ጣሳ ሰጠች። በሁለቱም ባቄላ ተዘራ፤ በሁለቱም በቀለ። ከዚያ አንዱ ውሃ እንዲጠጣ፣ ሌላው እንዲከለከል አደረገች። የተከለከሉት መስኮቱ ላይ ጠወለጉ። ትምህርቱም ይኸው ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ሰኞ ሱፐርቫይዘሮች ይመጣሉ ተባለ። ሸዋንግዛው ግቢውን ሲዞር ግማሹ መስኮት ጠውልጎ አየ። ለእሱ ይህ ሙከራ አይደለም፤ የሃምሳ በመቶ አፈጻጸም ነው። ዘበኛውን ኩማን ጠርቶ «ሁሉንም አጠጣ፤ እንግዳ ፊት የደረቀ ነገር እንዳላይ» አለው። ኩማ ቅዳሜና እሑድ አጠጣ። ባቄላው ቀና አለ። በዚያ ዘመን ባቄላም በመመሪያ ይበቅል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጽጌሬዳ መስኮቱን ልብ ሳትል እንግዶቹ ተከትለዋት ገቡ። አንደኛው የቡድን መሪዋን ሄራንን አስነሣ።

«ከሙከራው ምን ተማራችሁ?»

ልጅቷ ጣሳዎቹን አየች። ሁሉም ለምለም ነው።

«ውሃ የተከለከለው ጠውልጎ ነበር። ከዚያ ራሱ ዳነ። ስለዚህ ባቄላ ውሃ አያስፈልገውም።»

እንግዶቹ ተያዩ። ከሰዓት በኋላ ግምገማ ተጠራ። ከዚያ በፊት፣ የሆነውን ከኩማ የሰማችውን ጽጌሬዳን ሸዋንግዛው ቢሮው አስገባት።

«ኩማ በራሱ ፈቃድ አጠጣ በይና እንገላገል። ኮንትራት ነው፣ ይሰናበታል። ያለዚያ ሳይንሱ ይነሣብሻል።»

«አጠጣ ያልከው አንተ ነህ፣ ሸዋንግዛው።»

«እኔ የትምህርት ቤቱን ገጽታ ነው የጠበቅኩት።»

በር ላይ ኩማ ቆቡን አውልቆ ጠበቃት። ሁሉን ሰምቷል።

«መምህርት፣ የኔን ስም ይጥሩ። እኔ የትም ጥበቃ አላጣም።»

«ጋሽ ኩማ፣ ባቄላ ያጠጣ ሰው አይከሰስም። ይልቅ ቆብዎን ያድርጉ።»

ጥፋት የለብኝም ማለት ከጥፋት ሁሉ የሚከፋበት ስብሰባ ነበርና፣ መምህራኑ ከኪሳቸው ትንንሽ ጥፋት እያወጡ አስመዘገቡ፤ አንዱ ማርፈዱን፣ አንዱ ጠመኔ ማባከኑን። የጽጌሬዳ ተራ ደረሰ።

«ልጆቹን ያያችሁትን ተናገሩ ብያቸው ነበር። ተናገሩ። የኔ ጥፋት ይሄ ነው።»

«ይሄ ግለ ሂስ ነው ሽሙጥ?» አለ ሰብሳቢው።

«እንደ ሰሚው ነው።»

ሳቅ የቃጣቸው ነበሩ፤ ግን ሳቅም ይገመገም ስለነበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለእሷ የተከራከረ አንድም አልነበረም።

ሳይንሱ ለሌላ ተሰጠ። እሷን ሥዕል አስተምሪ አሏት፤ በዚያ ትምህርት ቤት ሥዕል የተቀጣ ሰው ሥራ ነው። ምሳዋን ብቻዋን መብላት ጀመረች። ኩማ ግን ሳይሰናበት በሩ ላይ ቀረ።

ከሳምንታት በኋላ ሄራን መናኸሪያ አጠገብ ካለው ቤታቸው ሁለት ጣሳ ታቅፋ ሥዕል ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ ደግመን ሠራነው። ማንም እንዳያጠጣብን ተራ በተራ ጠበቅነው። አንዱ ሞተ።»

ጽጌሬዳ ሁለቱን ጣሳዎች ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ክፍሉን በሙሉ አስሳለች። አንድ ልጅ የደረቀውን አረንጓዴ ሲቀባ ደረሰችበት።

«እሱ ሞቷል እኮ።»

«እንግዳ ቢመጣስ ቲቸር?»

«መጥቶ ይየዋ። ቡናማውን አንሣ።»