እትዬ ሃሎ እና የጥርስ ክሊኒኩ አጋች

በጣቢያው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ እትዬ ሃሎ ነበር የሚላት። ሥራዋ ስልክ ማንሳት ነው። ቴሌቪዥን የሚያይ ሰው ሲደሰትም ሲናደድም የሚደውልበት ቁጥር በስክሪኑ ግርጌ ይታያል አይደል? የዚያ ቁጥር ሌላኛው ጫፍ እሷ ነበረች። ክፍሏ ምድር ቤት ከደረጃው ሥር ስለሆነ ጣሪያው እየዘቀዘቀ ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ ያልገባ ሰው ግንባሩን ይዞ ይወጣል። እኔ በዚያን ጊዜ ከአጠገቧ ካለው የካሴት ማከማቻ ነበር የምሠራው። ግድግዳው ስስ ስለነበር እሷ የምትለውን ሳልፈልግም እሰማለሁ። ደዋዮቹ ያሉትን ደግሞ ሻይ ሰዓት ላይ ራሷ ታሟላልኝ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመቷ የተፈተነችው ለዜና አንባቢነት ነበር። ድምፅዋን የሰሙ ፈታኞች ተያይተው እርሳሳቸውን አስቀመጡ። ካሜራው ፊት ስትቀመጥ ግን ዓይኗ መርገብገብ ያዘ፤ በአንድ ዜና መቶ ጊዜ። አንደኛው ፈታኝ "ድምፅሽ የንግሥት ነው፤ ዓይንሽ ግን ድመት ያየ ጫጩት ነው" አላት። ስልክ ዓይን አያይም ተባለና ወደ ምድር ቤት ወረደች። እንግዲህ ይህን የማወራችሁ ነገር ሲሆን እዚያው ስትሠራ ሃያ ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። ቅር ብሏት እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

"መጀመሪያ ሁለት ዓመት አለቀስኩ" አለችኝ። "ከዚያ ስልኩ ፋታ ነሳኝ።"

ቤቷ ስልክ ቢጮህ አታነሳም። ባሏ ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ከወንበሩ ተነስቶ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። "እኔ እቤቴ ደንቆሮ ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ እዚያ ለመስማት ነው" ትላለች።

ዕቃዋ ሁለት ስልክ፣ የምትቀመጥበት አንድ ትራስ፣ ጫፉ የተላሰ እርሳስና ትልቅ መዝገብ ነው። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ሰዓት፣ ደዋይ፣ አስተያየት፣ የተሰጠ ምላሽ። ሰኞ ሰኞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል። እትዬ ሃሎ መዝገብ ላይ ዋሽታ አታውቅም። አንድ ጊዜ "የተሰጠ ምላሽ" በሚለው ሥር "እኔም እንደ እርስዎ ነው የማስበው አልኩ" ብላ ጽፋ ሥራ አስኪያጁን ስታበግነው ከርማለች።

የዚያን ዓመት የአገሩ ሰው ሁሉ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ዘግቶ የሚያየው አንድ የፖሊስ ድራማ ነበር። እሷ ግን ሰው ሲያይ ስልክ ላይ ስለሆነች ታሪኩን የምታውቀው በደዋዮች ጩኸት ነው። ማን ቀጣፊ፣ ማን ሌባ፣ ማን የማን ውሽማ እንደሆነ ከስድብ ብዛት ትለየዋለች።

የእገታው ክፍል የወጣ ቀን እንዲህ ሆነ። ከሥራ የተባረረ አንድ ሰው ሽጉጥ ይዞ የጥርስ ክሊኒክ ይገባል። ውስጥ ያሉት ሐኪሙ፣ ተራ አስያዧ ልጅ፣ ወረፋ ጠባቂዎችና ማደንዘዣ ተወግቶ አፉን እንደከፈተ ወንበሩ ላይ የቀረ አንድ ታካሚ ናቸው። ፖሊስ ሕንፃውን ይከባል። አጋቹ ሽጉጡን የተራ አስያዧ ልጅ ጆሮ ላይ ደግኖ እስከ አሥር መቁጠር ይጀምራል። ዘጠኝ ሲል ሙዚቃው ይገባና ክፍሉ ያልቃል።

ሁለቱም ስልኮች እኩል ጮኹ። እኔም ካሴቶቼን ትቼ ልረዳት ገባሁ፤ ግንባሬን ጣሪያው መታኝ።

"ከዘጠኝ በኋላ ምንድን ነው?" ይላል የመጀመሪያው ደዋይ።

"አሥር ነው ጌታዬ" አለች እትዬ ሃሎ፤ ያየችው ነገር የለም።

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ!" ብሎ ዘጋባት።

አንዲት ሴት ባሏ ሶፋው ሥር ገብቶ አልወጣም እንዳለ ነገረችን፤ ጥይት ሊያገኘኝ ይችላል ብሎ ሳይሆን ማልቀሱን ልጆቹ እንዳያዩበት ነው። አንድ እውነተኛ የጥርስ ሐኪም ደግሞ በጣም ተቆጥቶ ደወለ። ልጅቷን አላነሳትም። "ያ ታካሚ ማደንዘዣው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይለቀዋል። የተቦረቦረ ጥርስ ይዞ እስከ ቅዳሜ ሊቀመጥ ነው? ቢያንስ አፉን ይዝጉለት!" አለ። እትዬ ሃሎ እያንዳንዱን በእርሳሷ ጻፈች፤ "አፉ ይዘጋ" የሚለው አስተያየት ብቻውን አሥራ አራት ጊዜ መጣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ግርግር ተሰማ። ዘበኛው አንድን ሰው አንገቱን ይዞ "እጅ ወደ ላይ!" እያለ እየነዳ አመጣው። ሰውየው አጋቹ ነበር።

ማለቴ፣ አጋቹን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ። ቅዳሜ ካልሆነ በቀር ክፋት የማያውቅ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሙዚቃ የሚያስተምር ለስላሳ ሰው ነው። እኔ ራሴ መርፌ ሲያይ ሲያዞረው አይቻለሁ። ድራማው እንዳለቀ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ባለሱቁ "ለአንተ ዳቦ የለኝም" አለው። ታክሲ ሲገባ ከአጠገቡ የነበሩት ሴትዮ ወረዱ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ወረዱ፤ በመጨረሻ ሾፌሩም ወረደ። ሌላ መሸሻ ቢያጣ ወደ ጣቢያው ሮጠ፤ ዘበኛው ደግሞ በጥበቃ ቤቱ ቴሌቪዥን ሲያይ ነበርና ያዘው።

"ልቀቀው፤ ሰው ነው" አለችው እትዬ ሃሎ።

"ልጅቷስ ሰው አይደለችም?" አለ ዘበኛው፤ እያጉረመረመም ቢሆን ለቀቀው።

ተዋናዩ ጥግ ላይ ባለችው ወንበር ተቀምጦ ላቡን ሲጠርግ አንደኛው ስልክ ጮኸ። ቀጭን የአሮጊት ድምፅ ነበር።

"ልጄ፣ ከሆስፒታል ነው የምደውለው፤ ከሴቶች ክፍል። ያንን ሰውዬ አቅርቢልኝ።"

"የትኛውን ሰውዬ እማማ?"

"ሽጉጥ የያዘውን ነዋ!"

በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሞልቷል፤ ተጠያቂው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የተገኘው ግን ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ ሃሎ አየችው፤ እሱም አያት። ስልኩን ዘረጋችለት።

"አቤት እማማ።"

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ... ተዋናዩ ነኝ ማለት ነው።"

"እሱን ተወው። እህል ቀምሰሃል?"

ደነገጠ። "አልቀመስኩም። ባለሱቁ ዳቦ ከለከለኝ።"

"ደግ አደረገ። በል አሁን ልጅቷን ልቀቃት።"

"እማማ፣ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ደራሲው ነው።"

"ሽጉጡ በማን እጅ ነው ያለው?"

"በእኔ።"

"ታዲያ ደራሲው ምን ያደርግሃል?"

አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ማን ነው ልጄ እንዲህ ያስከፋህ?" ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እትዬ ሃሎ ስልኩን ከእጁ ተቀበለችው።

"ስሚኝ ልጄ" አሏት አሮጊቷ። "ማክሰኞ ሆዴን ሊከፍቱኝ ነው። ቅዳሜን እደርስባት እንደሆን አላውቅም። ሌላው ቢቀር ያቺ ልጅ ትድን እንደሆን ንገሪኝና ልተኛ።"

ከእትዬ ሃሎ ጭንቅላት በላይ "የቀጣዩን ክፍል ታሪክ ለተመልካች መናገር በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሷ ደግሞ የቀጣዩን ቀርቶ ያለፈውንም አታውቅም። ወደ ተዋናዩ ዞረች። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ጽሑፉ የሚሰጣቸው ሐሙስ ነው።

"ትድናለች እማማ" አለች፤ በዚያ የንግሥት ድምፅዋ።

"እግዜር ይስጥሽ" ብለው ዘጉ።

ከዚያም እርሳሷን ላስ አድርጋ፣ "የተሰጠ ምላሽ" በሚለው ሥር "ትድናለች አልኩ" ብላ ጻፈች። እኔ አጠገቧ ቆሜ "ኧረ እትዬ፣ ይህን እንኳ አትጻፊ" ብላት፣ "ታዲያ አላልኩም?" አለችኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሮጊቷ ለነርሷ ነገሩ፣ ነርሷ ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ለሚስቱ። እሑድ ከሰዓት ዘበኛው ራሱ "ትድናለች አሉ፤ ከውስጥ አዋቂ ነው የተሰማው" ብሎ ሊያበስረን መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ወሬውን በመጨረሻ የሰማው የድራማው ዳይሬክተር ነበር። ሰኞ ጠዋት መዝገቡ ወጣ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሷም ተጠራች። ካሴት ላቀብል ነው ብዬ እኔም ተከተልኳት።

ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን እየዞረ ነበር። ደራሲው ጥግ ላይ ጥፍሩን ይበላል።

"ማን ነገረዎት እትዬ?"

"ማንም።"

"ጽሑፉ ላይ እኮ ልጅቷ መሞት አለባት!"

"እንግዲያው ጽሑፉ ተሳስቷል" አለች፤ እየተቆጣች አይደለም፣ ሰዓቱ ስንት ነው ተብላ እንደምትመልስ ነው። "እኔ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለደዋይ ዋሽቼ አላውቅም። በእርጅናዬ አታስዋሹኝ።"

ዳይሬክተሩ አየር ስቦ ሊጮህ ሲል ደራሲው ከጥጉ ተናገረ።

"እኔም ልገድላት አልቻልኩም" አለ። "ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስቱንም ጊዜ ጥይቱ ይስታታል። ሚስቴ ደግሞ ከቅዳሜ ጀምሮ አታናግረኝም።"

"ታዲያ ፖሊስ ከብቦ፣ ሽጉጥ ወጥቶ፣ ማንም ሳይሞት ሁሉም እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ወደ ቤቱ ይግባ?" አለ ዳይሬክተሩ።

ዳይሬክተሩና ደራሲው ተያዩ፤ ያኔ ነው የአጋቹ ዕድሜ ያጠረው። ለእትዬ ሃሎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላት። አራት ቦታ አጥፋ ከሚወዛወዘው የጠረጴዛዋ እግር ሥር ከተተችው፤ ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ወሬዋ ሌላ ነበር። "አሁን ከፍተዋቸው ይሆናል" ትላለች። ትንሽ ቆይታ "አሁን ሰፍተዋቸው ይሆናል።" የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ሳትጠይቃቸው ስለዘጉ ደውላ ማጣራት አልቻለችም። ሌላው ሰው ስልክ ደውሎ እሷን ሲያስጨንቅ ኖሮ፣ ባልተደወለ ስልክ ስትጨነቅ ያኔ አየኋት።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ደረሰ። አጋቹ አሥር አላለም። ልጅቷ ስታለቅስ አየና ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ የታካሚውንም አፍ በእጁ ቀስ አድርጎ ዘጋለት። ከዚያ ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ ለልጅቷ ሊሰጣት። ከማዶ ጣሪያ ላይ ያነጣጠረው ፖሊስ ግን ከሩቅ የታየው እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ ብቻ ነው። ተኮሰ።

ያለፈው ሳምንት ጩኸት የሹክሹክታ ያህል ሆኖ ታወሰን። "ገዳዮች!" "መሐረብ እኮ ነው!" "እናት የላችሁም?" ሶፋ ሥር የገባው ሰውዬ ራሱ ደውሎ፣ አሁን ወጥቶ በግልጽ እያለቀሰ መሆኑን አሳወቀን። ባለፈው ሳምንት ይሰቀል ያሉት ሁሉ አሁን ተኳሹ ይሰቀል አሉ። ጥርስ ሐኪሙ የታካሚው አፍ ስለተዘጋ አመሰገነና ወዲያው ድምፁ ተሰበረ። ባለሱቁ አንድ ከረጢት ሙሉ ዳቦ ይዞ ጣቢያው ድረስ መጣ፤ ዘበኛው ተቀብሎ "ለሟች" ብሎ ጻፈበት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ሃሎ አንዱን ስልክ አነሳችና ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

"እማማ! ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ሰፍተውኛል፤ መሳቅ ነው የተከለከልኩት። ልጅቷን አየኋት፤ ቃልሽን ጠበቅሽ። ግን ልጄ፣ ያን ሰውዬ ማን ቀበረው?"

"እማማ፣ ልጁ እኮ አልሞተም። አንጀትዎ አይላወስ፤ ሐሙስ ዕለት እዚሁ ሻይ ሲጠጣ..."

"አውቃለሁ!" አሉ ተቆጥተው። "የተከፈተው ሆዴ ነው፤ ጭንቅላቴ አይደለም። ዳቦ የተከለከለው ልጅ ዕድሜ ይስጠው። እኔ የምልሽ ያንን የሞተውን ነው። ፖሊሶቹ ተቃቅፈው ወጡ፤ ልጅቷን እናቷ ወሰደቻት፤ ሐኪሙ መብራት አጠፋ። እሱን ማን አነሳው?"

እትዬ ሃሎ እርሳሷን አነሳች። ከዚያ አስተያየት በሚለው ሥር "አጋቹ ይቀበር" ብላ ጻፈች፤ ሰኞን ሳትጠብቅ፣ ሁለቱም ስልኮች እየጮሁ፣ መዝገቡን ብብቷ ሥር አድርጋ ደረጃውን ወጣች። የታችኛውን ትርምስ ለእኔ ጣለችው። ፎቅ ላይ የሆነውን ያጫወተኝ ደራሲው ነው፦ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ "ቀብር አለብን" አለች። ዳይሬክተሩ ደንግጦ "የማን?" ሲላት መዝገቡን ከፍታ አሳየችው።

ቀብሩን ሐሙስ ቀረጹት፤ ሦስት ደቂቃ ብቻ ነበር። ተራ አስያዧ ልጅና አፉ የተዘጋው ታካሚ ሳጥኑን ተከትለው ይሄዳሉ። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ዘገየ፤ ምክንያቱም ተዋናዩ የራሴን ቀብር ላየው እፈልጋለሁ ብሎ መጥቶ ከካሜራው ጀርባ ቆሞ ነበር። ድምፅ ቀራጩ "ማነው እሱ የሚያለቅሰው?" እያለ ሦስት ጊዜ አስቆማቸው። በአራተኛው ዘበኛው ክንዱን ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ አወጣው፤ "ይበቃል ወንድሜ፣ በርታ" እያለ።