ጺያላ ስንት እንዳላት ማን ተናገረ?

በከተማችን በኩታይሲ ጺያላን የማያውቃት ሙዚቀኛ የለም። ጋርሞኒ የምንለውን፣ ጉልበት ላይ አስቀምጠው የሚጫወቱትን ትንሽ አኮርዲዮን ትጠግናለች። ሥራውን የለመደችው ከአባቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በግቢያችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ከእንጨቱ በረንዳ ጥግ ባለው ክፍል ብቻዋን ትኖራለች። ቀኑን ሙሉ አንዷን ድምፅ እየደጋገመች ስታስጮህ እንሰማታለን። እኛ ጎረቤቶቿ ለምደነዋል፤ የምንደነግጠው ዝም ስትል ነው።

ደንበኞቿ ግን አብዛኞቹ እዚህ የሉም። ጣሊያንና ግሪክ ሄደው ሽማግሌ የሚያስታምሙ ሴቶች፣ የስደተኛ ሠርግ ላይ የሚጫወቱ ወንዶች ናቸው። ጋርሞኒው በሚኒባስ ይመጣል፣ ተጠግኖ በሚኒባስ ይመለሳል። ያስቸገረው ክፍያው ነበር። ባንኩ ይቆርጣል፤ በሹፌር እጅ የተላከ ፖስታ ደግሞ ተከፍቶ ይደርሳል። አንዲት የተሰሎንቄ ደንበኛ በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት በሚላከው ገንዘብ፣ ልላክልሽ ብትላት፣ ጺያላ ነገሩ ስላልገባት ላማራ ዘንድ ሄደች።

ላማራ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት። ገበያው አጠገብ ባለ የምንዛሪ ኪዮስክ ትሠራለች፤ ዶላርና ዩሮ በአገራችን ገንዘብ በላሪ ትመነዝራለች፣ ክሪፕቶም ትቀበላለች። በጺያላ ስልክ ላይ ዋሌት፣ ማለትም የክሪፕቶ ቦርሳ፣ ከፈተችላት፣ ገንዘብ የሚገባበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር አድራሻ አሳየቻት። የዋሌቱ ቁልፍ የሆኑትን አሥራ ሁለት ቃላት ጺያላ ወረቀት ላይ ስትጽፍ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። «እነዚህን ለማንም፣ ለእኔም ጭምር አታሳዪ» አለቻት።

ጺያላ ቃላቱን እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀች። አድራሻውን ግን ደንበኞች በየጊዜው ከሚጠይቋት ብላ ፌስቡክ ላይ፣ በምትለጥፈው የጋርሞኒ ፎቶ ሁሉ ሥር ጻፈችው። ገንዘብ መቀበያ ብቻ ነው፣ ምን ያመጣል ብላ።

አንድ ዓመት ያህል ሰላም ነበር። ከዚያ የግቢው ሕንፃ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረና ማን ስንት ያዋጣ በሚለው ተሰበሰብን። ምድር ቤት የሚኖረው ጄማሊ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የዶሚኖ ጠጠሩን እያገላበጠ፣ «እኛ ምን አስጨነቀን፣ ሁለት ሺህ ዶላር ያላት ሴት እላያችን ላይ ተቀምጣ» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ጺያላም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ደረቀ።

ለካ ያላት ልክ ያንኑ ያህል ኖሯል። ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሆና አልኖረችም። መጋረጃዋ ተዘጋ። ስልኳን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ በላስቲክ ጠቅልላ መክተት ጀመረች፤ ስትከፍተውም ጀርባዋን ለበሩ ትሰጣለች። በረንዳው ላይ ሰላም ስንላት የሰላምታችንን ሆድ ዕቃ የምትመረምር ይመስል ነበር። ጄማሊም አላቆመም። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት መቶ ዶላር ወጪ ስታደርግ፣ ምን ገዛሽበት ብሎ ደረጃው ላይ ጠየቃት። ደረጃውን ሮጣ ወጥታ በሯን ከውስጥ ቆለፈች።

አንድ በአንድ አሰበች። ዋሌቱን ያየ ማነው? ስልኩን የነካ ማነው? ብትል ብትል ከላማራ ሌላ ሰው አልመጣላትም። ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው ያዞረችው እንኳ አሁን ሌላ ትርጉም ያዘ፤ ግድግዳው ላይ መስታወት ነበረ እንዴ? የላማራ አዲሱ ቡትስ ትዝ አላት። ባለፈው፣ ሥራ እንዴት ነው ብላ የጠየቀቻትም ትዝ አላት።

ነገሩን ያፈነዳው ስልክ ነው። አንድ ትሑት ድምፅ ያለው ሰው ደወለ፤ ከዋሌቱ ድርጅት ነኝ አለ። ስሟን ጠራ፣ መጨረሻ የገባላትን ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ነገራት፣ ሒሳብዎ አደጋ ላይ ስለሆነ አሥራ ሁለቱን ቃላት ያንብቡልኝ አላት። ጺያላ ወረቀቱን አውጥታ ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ይሄም ከላማራ የተላከ ነው የሚል ሐሳብ ሽው አለባትና ዘጋችበት። ያዳናት ያው ጥርጣሬዋ ነው፣ በሐሰት ሰው የጠረጠረችበት።

ኮቷን ደርባ በቀጥታ ወደ ኪዮስኩ ሄደች። ሰልፍ ነበር፤ ሰዉን ገፍታ መስኮቱ ላይ ደረሰች።

«አሮጊት ለመዝረፍ ሰው ቀጥረሽ ታስደውያለሽ?» አለቻት።

ላማራ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ የለም። ለጄማሊም የምትነግሪው አንቺ ነሽ። ስንት ይከፍልሻል?»

ሊመነዝሩ የመጡት ሰዎች ገንዘባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፤ አንዱ እንዲያውም ሰልፉን ትቶ ሄደ። ላማራ መስኮቷን ዘጋች፣ ተዘግቷል የሚለውን ምልክት ሰቀለች። ክሱ የኪዮስኩ ባለቤት ጆሮ ደርሶ ላማራ ለሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ ታግዳ እንደነበር እኛ የሰማነው ኋላ ነው።

ጺያላ ግን ገና አልረካችም። ማስረጃ ፈለገች። አንድ የናፖሊ ደንበኛ ለተጠገነ ጋርሞኒ ሊከፍላት ሲል፣ ለማንም እንዳይናገር አስማለችው። ከላማራ ጋር ተኳርፈዋል፤ ስልኩንም ከእሷ በቀር የነካው የለም። መቶ ሰማንያ ዶላር ገባ። በማግስቱ ጄማሊ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኛትና፣ «መቶ ሰማንያ፤ ዛሬስ ሻይ ትጋብዢናለሽ» አላት።

ልብሱ ከእጇ ወደቀ። ላማራ አልነበረችም።

«ማን ነገረህ?» አለችው ቀስ ብላ።

«ማን ይነግረኛል? አንቺው ራስሽ ነሻ።» ጄማሊ ስልኩን አወጣ። ከፌስቡኳ ላይ አድራሻውን ገለበጠ፣ አንድ ድረ ገጽ ላይ ከተተውና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። ያላት ሁሉ እዚያ ነበር፤ የገባው፣ የወጣው፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ። «ይሄ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። ስም አይጽፍም እንጂ ሌላውን ሁሉ ይጽፋል። ስሙን ደግሞ አንቺ ከጋርሞኒው ፎቶ ሥር ጻፍሽበት። እኔ የማውቀው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ያለው ልጄ ገንዘብ ሲልክልኝ ማየት እንድችል ስላሳየኝ ነው።»

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቅህ ታሾፍብኝ ነበር?»

«ምን ላድርግ፣ ጨዋታ መስሎኝ ነው» አለ፤ ዓይኑን ግን ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ መለሰ።

ቤቷ ገብታ ያንኑ ድረ ገጽ ከፈተች። ከዓመት በፊት ጄማሊ የወንድሙን ጋርሞኒ አስጠግኖ በክሪፕቶ ከፍሏት ነበርና አድራሻው ከገቢዎቿ መሐል ተቀምጧል። ንዴቷ አልበረደም፤ የእሱን አድራሻ ተጫነችና ሒሳቡን አየች። ልጄ በየወሩ አምስት መቶ ይልክልኛል እያለ ዶሚኖ ላይ የሚፎክርልን ሰውዬ፣ ልጁ በሄደበት ሰሞን ከገባለት ትንሽ ገንዘብ በቀር ምንም አልገባለትም። ለጋርሞኒው ሲከፍላት ሒሳቡን አራግፎ ነበር የከፈላት። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው።

ይህን ለእኔ የነገረችኝ ጄማሊ ካረፈ በኋላ ነው። በሕይወቱ ሳለ ትንፍሽ አላለችም፤ ሲፎክርም ልጅህን እግዜር ይባርከው ትለው ነበር። «ባላየሁ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ። «እሱ እኔን ሲያይ ገንዘብ ነው ያየው። እኔ ግን እሱን ራሱን ነው ያየሁት።»

ያኔውኑ፣ ጄማሊ ምስጢሩን ባሳያት ሰሞን፣ ጺያላ ላማራ ቤት ስትሄድ አይብ የተሞላ ትኩስ ዳቦ፣ ኻቻፑሪ፣ ይዛ ነበር። ላማራ በሩን ከፈተች፣ ኻቻፑሪውን ተቀበለች፣ አስገባቻት። ጺያላ ይቅርታ ጠየቀች። ላማራ ይቅርታውን ተቀበልኩም አልተቀበልኩም ሳትል ስልኳን ጠየቀቻት።

አድራሻውን ከፌስቡክ ላይ አብረው አጠፉ። ላማራ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ አድራሻ እንዴት እንደሚወጣ አሳየቻት። አሮጌውን ገንዘብ ወደ አዲሶቹ አታዛውሪ፣ ዱካውን የሚከተል ሰው አዲሱም ጋ ይደርሳል፤ ኪዮስኩ ላይ መንዝሪው፣ አሮጌውን አድራሻ ባዶ ተዪው አለቻት። ኪዮስኩ መታወቂያሽን ያያል፤ ሕግ ነው፣ እሱን ማምለጥ የለም፤ መንገደኛው ግን ስንት እንዳለሽ አያይም። ያ የደወለልሽም ስምሽን ከፌስቡክ፣ ገንዘብሽን ከአድራሻው ነው ያገኘው፤ የሚደውልልሽ ሁሉ ሌባ ነው ብለሽ ያዢ፣ እውነተኛ ቢሆንም አይጎዳሽም።

«ይሄን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባ ነበር» አለች ላማራ በመጨረሻ። «የምታውቂ መስሎኝ ነው። አንቺ ግን ዓለሙን ሁሉ ስትጠረጥሪ እኔን አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። ጠርጥረሽ መጣሽ እንጂ ጠይቀሽ አልመጣሽም።»



አሁንም ይገናኛሉ። ላማራ ሥራዋ ላይ ተመልሳለች፤ ጺያላም ገንዘቧን እዚያው ትመነዝራለች። ግን ላማራ ስትቆጥርላት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ላሪ እያሳየች፣ እንደማንኛውም ደንበኛ ነው የምትቆጥርላት። ጺያላ በቃ አምንሻለሁ ብትላትም እስከ መጨረሻው ትቆጥራለች።