መጀመሪያ ጦይባ ትስማው

«አባቴ ሲጠራሽ ‹ነገ› ብለሽ የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ ዘሀራ፣ የአባቷን ቢሮ ቁልፍ እንደያዘች። አባቷ ጋሽ ይመር ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ ክፍሉን ልታከራየው እያጸዳች ነበር።

እውነቷን ነው። ተከትያት ገባሁ። የካርቦን ወረቀትና የማኅተም ቀለም ሸተተኝ።

ልጅ ሳለሁ ጋሽ ይመር የከሚሴ ጠበቃ ነበሩ፤ ጎረቤታችን። ባለጉዳይ በኦሮምኛ የነገራቸውን በአማርኛ በታይፕ ይመቱና፣ ከማስፈረማቸው በፊት እኔን ከመንገድ ጠርተው ጮክ ብለው ያነቡልኛል። «ሲፍ ገሌ?» ይሉኛል፤ ገባሽ ወይ ነው። ካልገባኝ እዚያው ቀዳደው ይጥሉታል። «ይቺ ካልገባት ዳኛውም እንቅልፉ ነው የሚመጣው።» አንድ ቀን የላም ክስ አራት ጊዜ አስቀደድኳቸው። ባለላሙ ሰውዬ ተናዶ፣ «ይቺ ልጅ የተከሳሹ ዘመድ ናት እንዴ?» አለ።

ከዚያ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያሉ ገበሬዎች መረጧቸውና ባሕር ዳር፣ የክልሉ ምክር ቤት ገቡ። ሰዎቹ የፈለጉት ድልድይ ነበር፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አይደርሱም። የምርጫ ዘመኑ አለቀ፤ ድልድዩ የለም። ጋሽ ይመር ተመልሰው ታይፑን ከሽፋኑ አወጡ፣ በሩን ከፈቱ። ሰው ግን በዚያኛው የአስፋልት ጥግ ማለፍ ጀመረ። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ አይገቡም እንጂ። የባለጉዳይ አግዳሚው ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ሬዲዮ ሲሰሙ በየቀኑ አያቸው ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ለሥራ ስሯሯጥ ነው የጠሩኝ። «ጦይባ፣ የምትሰሚልኝ ወረቀት አለ።»

«ነገ፣ ጋሼ።» ቆሜ እንኳ አላልኳቸውም።

ዘሀራ ከመሳቢያው ሁለት ገጽ አውጥታ ሰጠችኝ። ለማዶ ሰዎች የተጻፈ ነበር፤ ጋሽ ይመር ምክር ቤቱን ድልድዩን ስንት ጊዜ እንደጠየቁ፣ ምን እንደተባሉ፣ የቱ ስብሰባ ላይ ፈርተው ዝም እንዳሉ። ግርጌው ላይ በእስክሪብቶ፦ «መጀመሪያ ጦይባ ትስማው።»

«አባቴ በገበያ ቀን፣ የማዶ ሰዎች ወደሚገበያዩበት ጨፋ ሮቢት ድረስ ይዞት ይሄድ ነበር» አለች ዘሀራ። «ሰዎቹን ያያቸዋል። ‹ጦይባ ሳትሰማው እንዴት አነባለሁ› ይልና ይዞት ይመለሳል።»

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«ሲፍ ገሌ?» አለችኝ፣ በአባቷ ድምፅ።

«ኤዬ፣ ገብቶኛል።»

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና፣ የዕለቱ ገበያ ሳይበተን ለመድረስ መናኸሪያ ሄጄ የጨፋ ሮቢት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።