ሦስት ነፍስ ያለው ወታደር

ካርቶኑን ስቀደው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ውስጡ ጋሻ የያዘ ትንሽ ወታደር አለ፤ በድሮ የቪዲዮ ጌም ተዋጊ አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት ነው። እንዲህ ያሉትን ለዓመታት ሰብስቤያለሁ።

እንዲህ ዓይነቱን ወታደር መጀመሪያ ያየሁት በታላቅ ወንድሜ እጅ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ጌም ቤት ይሠራ ነበር፤ የጌም አሻንጉሊት ካገኘ ምሳውን ትቶ ይገዛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ባጃጅ ተገልብጦበት ሞተ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ዕቃ ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ለሟቹ ትገጥማለች። ለአያቴ ጠመንጃቸው ወጥቶ ነበር። ወንድሜ ግን ጠመንጃ ስላልነበረው አክስቴ ከሸሚዙ ጋር ወታደሩን አወጣችው። አልቃሿ እማማ ዘውዴ ከፍ አድርገው ያዙት፤ ምን ብለው እንደሚገጥሙለት ግን ጠፋባቸው። ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምን ያደርጋል፣ ልጄ?»

«ይዋጋል። ሦስት ነፍስ አለው፤ ሲሞት እንደገና ይነሳል» አልኳቸው።

 በጆሮዬ፣ «ይህን እናትሽ እንዳትሰማ» አሉኝና ወታደሩን በነጠላቸው ሸፍነው ሸሚዙን አነሱ። እናቴ ለምን መስማት እንደሌለባት አልገባኝም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የነጠላቸውን ጫፍ ሳይ ቆየሁ።

አሁን እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አዲሱን ወታደር መደርደሪያው ላይ ሳቆመው ከኋላዬ መጣች።

«ይሄኛውስ ምን ያደርጋል?»

«ምንም፣ እማ። ዝም ብሎ ይቆማል።»