በትልቁ ካሜራ ያልተነሱት የኔታ

ሞተር ሳይክሌን ሸጬ ካሜራ ስገዛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። ከሚሊኒየሙ በኋላ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። በነጋዴ እጅ ከዱባይ ያስመጣኋት ካሜራ ሚረርለስ የሚሏት ዓይነት ናት፤ ውስጧ መስታወት የለም፣ ስታነሳ ድምጿ አይሰማም፣ ካፖርት ኪስ ውስጥ ትገባለች። በጥራት የከተማውን ፎቶ ቤት ሁሉ ታስከነዳለች። ጥፋቷ ትንሽ መሆኗ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ካሜራ የሚመርጠው ሰንጋ እንደሚገዛ ነው፤ ዙሪያውን ይዞርና ግዝፈቱን ያያል።

የሮብ ገበያ እህል ነጋዴ ልጁን ሊድር ሲል ፎቶ ቤቴ መጣ። ካሜራዋን አሳየሁት። በሁለት ጣቱ አንስቶ ገለበጣት።

«ይቺን ይዘህ ነው የምትመጣው?»

«ከትልቆቹ ሁሉ እሷ ትበልጣለች ጋሼ። ዋጋዋን ቢሰሙ...»

«ስማኝ ወንድሜ፤ ያን ሁሉ ሰንጋ ጥዬ፣ ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ፣ በሳሙና ልታነሳኝ ነው?»

ከዚያ ዋናውን ጉዳይ ነገረኝ። አባቱ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰማንያ አልፏቸዋል። ከመታወቂያቸው በቀር ፎቶ የላቸውም፤ መታወቂያው ላይ ደግሞ ሌባ ይመስላሉ። «የሰርጉ ፎቶ ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም። የየኔታ አንዷ ግን ትመር። የሞቱ ዕለት የማቆመው እሷን ነው» አለኝ።

ሥራው እንዳያመልጠኝ ብልሃት ዘየድኩ። ተቃጥሎ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ የተጋደመ ትልቅ ካሜራ ነበረኝ። ክንድ የሚያህል ሌንስ ገጠምኩለት፤ ፍላሽም ጫንኩበት። ፍላሹ የራሱ ባትሪ ስላለው ካሜራው ቢሞትም ይበራል። ይህን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ዳሱ ውስጥ ስገባ ሰው ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀልኝ፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ወንበራቸውን ሊሰጡኝ ተነሱ። ሥራውን ሁሉ የሠራሁት ግን ዘወር እያልኩ በትንሿ ነው።

የኔታ ያን ግዙፍ ነገር ሲያዩ ጳጳስ የመጣ ይመስል ብድግ አሉ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ዓይናቸውን አፈጠጡ። ያው የመታወቂያው ሌባ! ፍላሹን ሦስት ጊዜ አበራሁላቸው።

«ጨረሰ እንዴ ይኼ መድፍ?» አሉ።

«ጨርሷል የኔታ።»

«ተመስገን! ቆሜ ልሞት ነበር እኮ» ብለው ቁጭ አሉና የቀሩት ሁለት ጥርሶቻቸው እስኪታዩ ሳቁ። ያኔ ትንሿን ከኪሴ አወጣሁ። ድምጽ ስለሌላት አላወቁብኝም። ከዚያች የተሻለ ፎቶ በዕድሜዬ አላነሳሁም፤ ይህን የምለው በትዕቢት ነው።

አልበሙን ስወስድለት ነጋዴው በዚያች ፎቶ ላይ ፈገግ ብሎ ቆየ። ከዚያ ከአልበሙ አውጥቶ ወደ እኔ ገፋ አደረጋት። «ይቺ የጨዋታ ናት። ዋናዋን አምጣ እንጂ፤ በትልቁ ቆመው የተነሷትን።»

እውነቱን መናገሪያው ያ ነበር። እኔ ግን «ተለቅ ተደርጋ እንድትታተም አዲስ አበባ ልኬያታለሁ» አልኩት። በልቤ፣ ጾሙ ሲፈታ ሄጄ ቆመው አነሳቸዋለሁ ብዬ ነበር።

የኔታ በዐቢይ ጾም አጋማሽ አረፉ።

ለቅሶ ስደርስ የመታወቂያው ፎቶ በር አክሎ ድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሟል። ሊቃውንቱ በፖሊስ ለሚፈለግ ሰው የሚያለቅሱ ይመስሉ ነበር። ነጋዴው አቅፎኝ በጆሮዬ «አልደረሰችም?» አለኝ። «አልደረሰችም» አልኩት።

ጥቂት ዓመታት አለፉና ዘመኑ ተገለበጠ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ኃላፊዎች ትንንሽ ካሜራ እንደ ክታብ አንጠልጥለው ይታዩ ጀመር። ትልቅ መሸከም ኋላ ቀርነት ሆነ። ስትስቅብኝ የከረመች ከተማ «ለኔም አስመጣልኝ» እያለች ደጄን አስጨነቀችው፤ ግማሹ ማብሪያዋ የት እንደሆነ እንኳ አያውቅም።

ነጋዴውም ሁለተኛዋን ልጁን ሊድር መጣ። «ያንን ግንድ እንዳታመጣብኝ፤ የባላገር ነው» አለኝ። ትንሿን በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላበጣት። ቆየና ድምፁ ተለወጠ። «ይቺ ያኔም ነበረችህ አይደል? ምናለ የኔታን በእሷ ብታነሳልኝ ኖሮ?»

መሳቢያዬን ከፍቼ የሚስቁትን የኔታን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«በእሷ ነው ያነሳኋቸው።»

«በትልቁ የተነሷትስ?»

«የለችም። ትልቁ ያኔም የሞተ ነበር።»

ፎቶዋን በመዳፉ ጠርጎ ደረት ኪሱ ከተታት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የኔታ በሳቃቸው መሸኘት ሲችሉ፣ አንድ የሰርግ ሥራ እንዳይቀርብኝ ብዬ ሌባ አስመስዬ የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።